«እሺ» ማለት ገባኝ ማለት አይደለም፡- ቋንቋ፣ ባህልና የእናቶች ጤና በከሚሴ

እንደሚታወቀው በውጭ አገር ዘመድ የሌለው የከተማ ሰው ጥቂት ነው። እህት ወይም የአክስት ልጅ በስቶክሆልም፣ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ስትወልድ ደውላ ከምትነግረን ነገሮች አንዱ የቋንቋ ችግር ነው። ሐኪሙ የሚለው በግማሽ ይገባል፤ አስተርጓሚው አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል፤ ያልገባ ነገር ሲኖርም ማፈር ስላለ «እሺ» ተብሎ ይታለፋል። ይህን የሰማን ሁሉ እናዝናለን፤ ከዚያም «የሰው አገር ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለን እንተወዋለን።

ይሁን እንጂ ይኸው ችግር ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በከሚሴና በዙሪያዋ፣ በተወለደችበት ቀዬ በምትኖር ሴት ላይም ይደርሳል። በጤና ሙያ በአካባቢው በሠራሁባቸው ዓመታት ከመድኃኒትና ከመሣሪያ እጥረት ባልተናነሰ ሁኔታ እናቶችን ሲጎዳ ያየሁት ይህ ነው። ድንበር ያልተሻገረች፣ ፓስፖርት ያላወጣች ሴት የጤና ጣቢያውን ደጃፍ ስትሻገር ስደተኛ ትሆናለች። ይህ ጽሑፍ ችግሩ እንዴት እንደሚፈጠር፣ በምን ዓይነት ቃላትና ልማዶች ላይ እንደሚታይ እንዲሁም ምን ሊደረግ እንደሚችል ያብራራል።

ዞኑና ቋንቋዎቹ

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ዳዋ ጨፋን፣ ባቲን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋንና ደዌ ሐረዋን የመሳሰሉ ወረዳዎችን ያቅፋል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የነዋሪው ቁጥር ከ457 ሺህ በላይ የነበረ ሲሆን፣ አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪና የእስልምና እምነት ተከታይ ነው። አማርኛ ተናጋሪዎችና አርጎባዎች በአካባቢው ይኖራሉ። ከአፋር ቆላ የሚወጡ አርብቶ አደሮችም በየሳምንቱ በገበያ ይገናኛሉ፤ የባቲ የሰኞ ገበያ የሚታወቀውም በዚሁ ነው።

በክልሉ ሕገ መንግሥት መሠረት ዞኑ የራሱ የብሔረሰብ አስተዳደር ያለው ሲሆን፣ የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ሕፃናትም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ ቋንቋ ይማራሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። የጤና ባለሙያው ደግሞ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የምርመራ ውጤቱን በካርድ ላይ የሚጽፈውም በእንግሊዝኛ ነው።

ስለዚህ አንዲት ነፍሰ ጡር በኦሮምኛ የተናገረችው ነገር ባለሙያው ዘንድ በአማርኛ ይደርሳል፤ ካርዱ ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይሰፍራል። አንድ ቃል ሁለት ወንዝ ተሻግሮ ነው የሚጻፈው። ችግሩ ከፍቶ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ደሴ ሪፈር ከተባለች የሚቀበላት ሐኪም የሚያነበው ያንን ካርድ ነው፤ የእሷን አፍ ግን ላይሰማው ይችላል።

የገበያ አማርኛና የምጥ አማርኛ

ስለዚህ ጉዳይ ሳነሳ ከሥራ ባልደረቦቼ ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝ መልስ «የከሚሴ ሰው እኮ አማርኛ ይችላል» የሚል ነው። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። በከተማዋ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ብዙ ነው፤ ከገጠር የምትመጣውም ሴት ቢሆን ቅቤና ማሽላ ሸጣ፣ ዋጋ ተከራክራ፣ ጨውና ሳሙና ገዝታ ለመመለስ የሚበቃ አማርኛ አላት።

ነገር ግን የገበያ አማርኛ ሌላ ነው፤ የምጥ አማርኛ ሌላ ነው። ዋጋ ለመጠየቅ የሚበቃ ቋንቋ «የሽርት ውሃው ከፈሰሰ ስንት ሰዓት ሆነው? መልኩስ ምን ይመስላል?» ለሚል ጥያቄ አይበቃም። ሁለቱን ቋንቋ የምትችል ሴት እንኳ ምጥ ሲጠናባት ወደ እናቷ ቋንቋ ትመለሳለች። በሌሊት ተረኝነት ደጋግሜ እንዳየሁት፣ በመጀመሪያው ሰዓት በአማርኛ ስትመልስ የነበረች ወላድ መግፋት ስትጀምር የሚነገራትን ሁሉ መስማት ታቆማለች። በአማርኛ «ግፊ» እና «አትግፊ» እየተባለች የምታስበው ግን በኦሮምኛ ነው።

የሕዝብና ጤና ጥናትም ከዚህ ጋር የሚያያዝ ነገር ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በጤና ተቋም ያልወለዱ ሴቶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ 61 በመቶ የሚሆኑት አስፈላጊ አለመሆኑን፣ 30 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ልማድ አለመሆኑን ገልጸዋል። በአገር ደረጃ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከነበረበት 5 በመቶ በ2016 ወደ 26 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም «አስፈላጊ አይደለም» የሚለው መልስ አንዳንዴ «እዚያ ሄጄ የማገኘው ነገር አይገባኝም» ማለት ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል።

የሚያሳስቱ ቃላት

በሥነ ተዋልዶ ጤና ላይ ቃል መርጦ መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማሳየት ጥቂት ምሳሌዎችን ላቅርብ።

የመጀመሪያው ውርጃ ነው። በቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከዚህ በፊት ጽንስ ጨንግፎባት እንደሆነ ትጠየቃለች። በአማርኛ «ውርጃ» የሚለው ቃል ራሱ የወጣውንም፣ ሆን ተብሎ የተደረገውንም ይይዛል። «አስወርዶሽ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ቋንቋውን በደንብ ለማታውቅ ሴት «አስወርደሽ ታውቂያለሽ?» ሆኖ ይሰማል። በኦሮምኛ ግን ራሱ የወጣ ጽንስና ሰው ያወጣው ጽንስ በግሱ ይለያሉ፤ አንዱ «በኤ» ሲሆን ሌላው «ባሴ» ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ ካርዷ ላይ «የለም» ተብሎ የተጻፈላት እናት፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ አዋላጅ ነርስ «ራሱ የወጣብሽ አለ?» ብላ ስትጠይቃት ሦስት ጊዜ እንደ ደረሰባት ተናግራለች። ቀድሞ የካደችው ለመዋሸት ፈልጋ ሳይሆን የተከሰሰች መስሏት ነው። ሦስት ጊዜ የጨነገፈባት ሴት ክትትሏ ከሌሎቹ የተለየ መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው «ሆድ» ነው። በኦሮምኛ «ገራ» የሚለው ቃል እንደ አማርኛው ሆድ ሁሉ ብዙ ነገር ይሸከማል፤ ማኅፀንም፣ ጨጓራም፣ ስሜትም ይሆናል። በእርግዝና የመጨረሻዎቹ ወራት ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም፣ ከብርቱ ራስ ምታትና ከዓይን ብዥታ ጋር ሲመጣ በእርግዝና የሚከሰት የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል። ሴትየዋ «ሆዴን» ብላ ብቻ ከተናገረች፣ ባለሙያውም የትኛውን እንደሆነ በእጇ እንድታሳየው ካላደረገ፣ የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ወደ ቤቷ ልትመለስ ትችላለች። ቤት ስትደርስ የሚጥል መንቀጥቀጥ ቢነሳባት ደግሞ ቤተሰቡ ጅኒ ነው ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳታል። የጠፋው ጊዜ በሙሉ የጀመረው ከአንድ ቃል ነው።

ሦስተኛው የወር አበባ ነው። «አበባ» የሚለው አጠራር አማርኛ አፉን የፈታ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሽፋን ነው። በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድ «ሐይድ» የሚለው የአረብኛ ቃል የበለጠ ይታወቃል። ቀኑን መጠየቅም የራሱ ዘዴ አለው። «የመጨረሻው መቼ መጣ?» ተብላ በአማርኛ ወር መቁጠር ያልለመደች ሴት «ከረመዳን በፊት ነው በኋላ? አረፋ ስንት ቀን ሲቀረው?» ተብላ ብትጠየቅ በጣም የተጠጋ መልስ ትሰጣለች። እዚህ ላይ ባለሙያው የጨረቃ ወር 29 ወይም 30 ቀን መሆኑንና የሂጅራ ዓመት ከእኛ በ11 ቀን ያህል ማነሱን ማወቅ ይኖርበታል።

አራተኛው የአክብሮት ጉዳይ ነው። በወሎ ትልቅ ሰው «አንቱ» ይባላል፤ ኦሮምኛውም «ኢሲን» የሚል የአክብሮት መጠሪያ አለው። ስድስት ልጅ የወለደችን እናት አንድ ወጣት ባለሙያ «አንቺ፣ ወደዚህ ነይ» ሲላት የምታነበው ነገር አለ። የተናቀ ሰው ደግሞ ጥያቄ አይጠይቅም። በኦሮምኛ እርግዝና የሚጠራበት «ኡልፋ» የሚለው ቃል ከክብደትና ከክብር ጋር የሚዛመድ መሆኑ እዚህ ላይ ቢታወስ መልካም ነው።

ማን ያስተርጉም?

በተግባር አስተርጓሚ የሚሆነው ቅርብ የተገኘ ሰው ነው፤ ባል፣ አማት፣ ልጅ፣ ዘበኛ ወይም ተራ የምትጠብቅ ሌላ ታካሚ። እያንዳንዱ የራሱ ችግር አለው።

ባል ሲያስተረጉም ነገሩ ያጥራል። ሚስት ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተናግራ ባል «አመመኝ ነው የምትለው» ሲል ሰምቻለሁ። ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሲሆን ደግሞ መልሱ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። አማት በበኩሏ ሴትየዋ ለመናገር የምትፈራት ሰው ልትሆን ትችላለች። ልጅ ማስተርጎሙ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ስለ እናቷ ማኅፀን ፈሳሽ እንድትጠይቅ ማድረግ እናትንም ልጅንም ይጎዳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የጤና አገልግሎት ደንብ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ሕፃናትን በአስተርጓሚነት መጠቀምን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

«እንግዲያውስ የአካባቢው ሰው ይቀጠር» የሚል ሐሳብ ይነሳል። ትክክል ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሚሴ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። አስተርጓሚዋ የሴትየዋ ጎረቤት ከሆነች ቋንቋው ይከፈትና አንደበቱ ይዘጋል። በመሆኑም አስተርጓሚ የሚሆነው ሰው ምስጢር ለመጠበቅ በጽሑፍ የተስማማ፣ በሙያው የሠለጠነ፣ ተገልጋይዋ «አልፈልግም» ስትል ደግሞ ሊቀየር የሚችል መሆን አለበት።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከያዛቸው ጥሩ ነገሮች አንዱ ይህንን የሚያቃልል ነበር። ሠራተኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ከራሱ ከማኅበረሰቡ ተመልምለው፣ ቋንቋውን የሚናገሩ ሆነው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመድበዋል። በዞኑ ገጠር ቀበሌዎች ነፍሰ ጡሮች መጀመሪያ የሚያገኙት ሰው በቋንቋቸው የሚያነጋግራቸው የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ክፍተቱ የሚመጣው ሴትየዋ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ስትሄድ ነው። ሕመሙ እየከበደ በሄደ ቁጥር የምትሰማው ቋንቋ ከራሷ እየራቀ ይሄዳል።

ባህልና ሃይማኖት በምርመራ ክፍል

ቋንቋው ቢስተካከል እንኳ የልማድ ልዩነት ይቀራል። በወሎ «ዱበርቲ» የሚባሉ ትልልቅ ሴቶች ቡና አፍልተው፣ ተሰብስበው ለነፍሰ ጡሯ ዱዓ ያደርጋሉ። ይህ ለሴትየዋ ብርታት ነው። ባለሙያው ይህንን እንደ ኋላቀርነት ከቆጠረው ዱበርቲዎቹን ተቃዋሚ ያደርጋቸዋል፤ ካከበረው ደግሞ አደገኛ ምልክቶችን የሚያውቁ መልእክተኞች ሊያደርጋቸው ይችላል። በየጤና ጣቢያው በሚገኙ የእናቶች ማቆያ ክፍሎች ገንፎና ቡና እንዲኖር መደረጉም ከዚሁ ዓይነት አስተሳሰብ የመነጨ ነው።

የመራቆት ጉዳይም አለ። ገላን ለወንድ ባለሙያ ማሳየት ለብዙዎቹ እናቶች ከምጡ የከበደ ነው። ሴት ባለሙያ ካለች እሷን መመደብ፣ ከሌለች ደግሞ መጋረጃና መሸፈኛ ማዘጋጀት፣ ከመንካት በፊት ምን እንደሚደረግ መናገር ትንሽ የሚመስል ግን ወሳኝ ነገር ነው። በቤቷ ተንበርክካ ወይም ገመድ ይዛ መውለድ የለመደች ሴት በጀርባዋ ተኝታ እግሯን እንድትሰቅል ስትጠየቅ ምክንያቱ ሊነገራት ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ አገልግሎት መመሪያ እናቲቱ የመውለጃ አቀማመጧን እንድትመርጥ፣ የምትፈልገው ሰው አብሯት እንዲሆንና ባለሙያው ሊገባት በሚችል ቋንቋ እንዲያነጋግራት መክሯል። እንግዴ ልጁን ለቤተሰቡ መስጠት፣ ለጨቅላው በጆሮው አዛን እንዲባልለት ጥቂት ደቂቃ መፍቀድ ደግሞ ሕክምናውን የሚያጓድሉ ነገሮች አይደሉም።

የወሊድ መቆጣጠሪያ ምክርም ከሃይማኖት ጋር ይገናኛል። በአገራችን በብዛት የሚመረጠው የሦስት ወር መርፌ ነው። መርፌው የወር አበባን ሊያዛባ፣ ነጠብጣብ ደም በየቀኑ ሊያሳይ ወይም ጨርሶ ሊያቆም ይችላል። ባለሙያው «ችግር የለውም፣ ይለመዳል» ይላል። ለሙስሊሟ ሴት ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ደም በታየ ቁጥር ልስገድ ወይስ አልስገድ፣ ልጹም ወይስ አልጹም የሚል ነው። የእስልምና ሊቃውንት የወር አበባን ደም ከሌላ ደም የሚለዩበት ሥርዓት አላቸው። ይህን የምታውቅ አማካሪ «የሃይማኖት አባት ጠይቂ፤ እኔ በሕክምናው በኩል የሚሆነውን እነግርሻለሁ» ብላ አስቀድማ ብታስረዳት ሴትየዋ መርፌውን በሁለተኛው ቀጠሮ አታቋርጥም። ካልሆነ ግን ትጠፋለች፤ በመዝገቡ ላይም «ያቋረጠች» ተብላ ትጻፋለች።

በረመዳንም እንዲሁ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጉዳት ከፈሩ ጾሙን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ በሃይማኖቱ የተፈቀደ ቢሆንም ብዙዎች ይጾማሉ። «አትጹሚ» ብሎ ማዘዝ መድኃኒቱን በድብቅ እንድትተው ያደርጋታል። የደም ማነስ ክኒኗን ከመግሪብ በኋላ እንድትወስድ መንገር፣ ጾሙ በእርግጥ የሚጎዳት ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን ማስረዳትና ከምታምነው ሼህ ጋር እንድትመክር ማድረግ የተሻለ ውጤት አለው።

ከስደት የተመለሱ ሴቶች

ከከሚሴና ከአካባቢው ብዙ ወጣት ሴቶች ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ወሎ ከተመላሾቹ ብዙዎቹን የተቀበለ አካባቢ ነበር።

እነዚህ ሴቶች ችግሩን በሁለት በኩል ቀምሰውታል። በሄዱበት አገር ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ አብራቸው የምትገባውና የምትናገርላቸው አሠሪያቸው ናት። ስለ ገላቸው የሚወሰነውን የሚሰሙት ከሌላ ሰው አፍ ነው። ሲመለሱ ደግሞ በአገራቸው ጤና ተቋም የሚጠብቃቸው ሌላ ዓይነት ዝምታ ነው። ያለ ፈቃዷ የተደፈረች፣ ያረገዘች ወይም በሽታ ይዟት እንደሆነ የምትጨነቅ ወጣት ይህንን በጎረቤት አስተርጓሚ በኩል አትናገርም። አንዳንዶቹ አረብኛቸው ከአማርኛቸው የተሻለ ነው። «ማንን እንጥራልሽ? በምን ቋንቋ ይሻልሻል?» የሚለው ጥያቄ የምርመራው መጀመሪያ ቢሆን ምን ያህል ነገር እንደሚቀየር መገመት አያስቸግርም።

የውጭው ልምድ የሚያስተምረን

ስደተኞችን በብዛት የሚቀበሉ አገሮች ይህንን ጉዳይ በጥናትም በክርክርም አልፈውበታል፤ በሁለቱም ውስጥ የእኛ አገር ሴቶች አሉ።

በስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1996 ባሉት ዓመታት ከአፍሪካ ቀንድ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ከሄዱ እናቶች የተወለዱና በወሊድ አካባቢ የሞቱ 63 ሕፃናት መዝገብ ከ126 የስዊድናውያን መዝገብ ጋር ተነጻጽሮ በ2002 ታትሟል። ውጤቱ እንዳሳየው ሊቀር ይችል የነበረ ሞት በስደተኞቹ ዘንድ በእጅጉ በልጦ ተገኝቷል። ከምክንያቶቹ መካከል ወደ ሕክምና ዘግይቶ መምጣት፣ ኦፕራሲዮን አልፈልግም ማለት፣ የጽንስ ክትትል ጉድለትና በባለሙያውና በእናቲቱ መካከል የተፈጠረ አለመግባባት ይገኙበታል። ስዊድን መሣሪያም ሐኪምም ያልጎደለባት አገር ናት። እዚያ ቃል መጥፋቱ ሕይወት ካስከፈለ፣ ብዙ ነገር በሚጎድልበት በእኛ ዘንድ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከእስራኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የቀረበ የቴሌቪዥን ዘገባ ለቤተ እስራኤል ሴቶች የሦስት ወር መርፌ በቂ ማብራሪያ ሳይሰጥ ይወጋ ነበር የሚል አቤቱታ አሰማ። በጥር 2013 የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ሴቶቹ የሕክምናውን ውጤት በትክክል ስለመረዳታቸው ጥርጣሬ ካለ ማዘዣው እንዳይታደስ መመሪያ ሰጠ። ከዚያ በኋላ በ2016 ይፋ የሆነው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ምርመራ ሴቶቹ ተገድደው ስለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘም። እኔ ከዚህ ክርክር የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ ሐኪሙ «ተስማምታለች» ሲል ሴቲቱ «አልገባኝም ነበር» የምትል ከሆነ፣ ማስገደድ ባይኖርም ስምምነት ነበር ማለት አስቸጋሪ ነው።

በእኛም አገር ጉዳዩ የሕግ መሠረት አለው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስባቸው ጉዳት ለመጠበቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በማይገባ ቋንቋ የተሰጠ መረጃ ደግሞ እንደ ተሰጠ ሊቆጠር አይችልም።

በከሚሴ ይህን የበለጠ አሳሳቢ የሚያደርገው የቅርብ ጊዜው ሁኔታ ነው። በ2013 ዓ.ም. በዞኑና በአጎራባቹ የሰሜን ሸዋ አካባቢዎች ግጭት ተከስቶ ብዙ ሰው ሞቷል፤ ተፈናቅሏል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ከሚሴ ደርሷል። ከእንዲህ ያለው ጊዜ በኋላ በጤና ጣቢያ የሚሰማ ቋንቋ ከመግባቢያነት አልፎ «እዚህ ቦታ እታመናለሁ ወይስ አልታመንም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል። በሁለቱም ወገን ይህ እውነት ነው፤ ኦሮምኛ በሚነገርበት ተቋም የምትገላገል አማርኛ ተናጋሪ እናትም እኩል ሊገባት ይገባል።

ምን ይደረግ?

ከልምዴ ተነስቼ ብዙ በጀት የማይጠይቁ ጥቂት ነገሮችን ልጠቁም።

አንደኛ፣ በካርድ ክፍል የተገልጋይዋ ቋንቋ ይመዝገብ። ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ የሚሞላበት ካርድ ላይ «በየትኛው ቋንቋ ትናገራለች?» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር፣ ሪፈር ስትባል የሚቀበላት ሆስፒታል አስቀድሞ ይዘጋጃል።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ የማዋለጃ ተረኛ ቡድን ቢያንስ አንድ ኦሮምኛ የሚችል ባለሙያ ይመደብ። ይህ የቅጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ያሉትን ባለሙያዎች በተረኝነት ሠሌዳ ላይ አመጣጥኖ ማስቀመጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ ዞኑ የሚመደብ አዲስ ባለሙያ ቢያንስ 50 ያህል የወሊድና የምጥ ቃላት በኦሮምኛ ይማር። የመማሪያ መጽሐፍ ኦሮምኛ ከወሎው አነጋገር ሊለይ ስለሚችል ቃላቱን የአካባቢው አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቢያዘጋጁት ይመረጣል።

አራተኛ፣ «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ ይቅር። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «እሺ»፣ «ቶሌ» ወይም «ኢንሻአላህ» ነው። በምትኩ «ቤት ስትደርሺ ለእናትሽ ምን ብለሽ ትነግሪያታለሽ?» ማለት ይሻላል። ሴትየዋ መልሳ ስትናገር የገባትም ያልገባትም ይለያል።

አምስተኛ፣ የመድኃኒት ሰዓት በምታውቀው ነገር ይነገር። «በየ12 ሰዓቱ» ከማለት «ከሱብሂ በኋላ አንድ፣ ከመግሪብ በኋላ አንድ» ማለት ይሻላል። ለሦስት ወር መርፌም የጨረቃ ወር ጥሩ መቁጠሪያ ነው፤ ሦስት የጨረቃ ወር 88 ወይም 89 ቀን ያህል ስለሆነ ቀጠሮው አያልፍባትም።

ስድስተኛ፣ ኦፕራሲዮን ወይም ሌላ ከባድ ውሳኔ ሲኖር የስምምነት ፎርም ከመፈረሙ በፊት በሴትየዋ ቋንቋ፣ ባል ወይም ዘመድ ሳይሆን የሠለጠነ ሰው ያስረዳት። የጣት አሻራ ወረቀቱ ላይ ማረፉ ብቻውን ስምምነት አይደለም።

ተገልጋዮችና ቤተሰቦቻቸውም ድርሻ አላቸው። «አልገባኝም፣ በኦሮምኛ ንገሩኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ መብት ነው። ባልም ቢሆን ሚስቱን አድርሶ፣ የሚችል ሰው ጠይቆ፣ ከክፍሉ ጥቂት ወጣ ማለቱ ውለታ እንጂ መገፋት አይደለም።

የእናቶች ሞት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ሺህ ሕያው ወሊድ 871 እንደ ነበር፣ በ2016 ወደ 412 እንደ ወረደ የሕዝብና ጤና ጥናቶች ያሳያሉ። ለዚህ መንገድ፣ አምቡላንስ፣ ጤና ጣቢያና አዋላጅ ነርስ ሁሉ ድርሻ ነበራቸው። ቀሪውን ለመቀነስ ግን አምቡላንስ ያመጣት እናት የምትለው መሰማት አለበት። ጓንትና መርፌ ሳይዝ ምጥ ክፍል የሚገባ ባለሙያ የለም። የሴትየዋ ቋንቋም ከእነዚህ ጋር አብሮ የሚቆጠር የሥራ ዕቃ ነው፤ በየተረኝነቱ ርክክብ ላይ «አለ ወይስ የለም?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።